ትልቁ ፓምፕና ቀጭኑ ሽቦ፦ በ1991 ሥሪት ባለ ቱርቦ ኢክሊፕስ ላይ የተካሄደ የነዳጅ ፓምፕ ለውጥ (የጉዳይ ጥናት)

ጉዳዩ የአንድ መኪና ነው። መኪናው እ.ኤ.አ. የ1991 ሥሪት ሚትሱቢሺ ኢክሊፕስ ጂኤስኤክስ ሲሆን፣ ባለ 2.0 ሊትር 4ጂ63 ቱርቦ ሞተርና በእጅ የሚቀየር አምስት ማርሽ አለው፤ ኃይሉንም ለአራቱም ጎማ ያከፋፍላል። የተገጣጠመው በአሜሪካ ኢሊኖይ ግዛት ኖርማል በምትባል ከተማ፣ ክራይስለርና ሚትሱቢሺ በጋራ ባቋቋሙት የዳይመንድ ስታር ሞተርስ ፋብሪካ ነው። ኢግል ታሎንና ፕሊመዝ ሌዘር የሚባሉት መኪኖችም ከዚያው መስመር የወጡ መንትዮቹ ስለሆኑ፣ እዚህ የምጽፈው በአብዛኛው ለእነርሱም ይሠራል። ሞተሩ ከፋብሪካ ሲወጣ 195 የፈረስ ጉልበት ነበረው፤ ይህም በዘመኑ ለሁለት ሊትር ሞተር የሚያኮራ ቁጥር ነበር።

ባለቤቱ ሜሪላንድ የሚኖር ወጣት ነው። መኪናውን ሲገዛው፣ አየር አጭቆ ወደ ሞተሩ የሚያስገባው ቱርቦ ግፊቱ ከፋብሪካው ልክ ከፍ ተደርጎ 15 ፒኤስአይ (ፒኤስአይ የግፊት መለኪያ ነው) ላይ ተስተካክሎ ነበር፤ ቱርቦው ራሱ፣ ነዳጁን ወደ ሞተሩ የሚረጩት ኢንጀክተሮች፣ የአየር መለኪያውና ኮምፒዩተሩ ግን የፋብሪካው ናቸው። መጀመሪያ ያጋጠመው ችግር ቀላል ይመስል ነበር። በሦስተኛ ማርሽ ነዳጅ መስጫውን እስከ ወለሉ ሲረግጥ፣ ሞተሩ በደቂቃ 5,500 ዙር ካለፈ በኋላ ጉልበቱ ይሰንፋል፤ አልፎ አልፎም ለማንኛውም ቱርቦ ሞተር ክፉ ምልክት የሆነው የመንኳኳት ድምፅ ይሰማል። ልጁ ሠላሳ ዓመት ያለፈው ፓምፕ ደክሟል ብሎ ደመደመ። ድምዳሜው ከእውነት የራቀ አልነበረም፤ የጎደለው ልኬት ነው። በሰዓት 255 ሊትር ይገፋል የተባለ ፓምፕ አዝዞ አንድ ቅዳሜ ጠዋት ደጃፉ ላይ ራሱ ገጠመው። ከሁለት ሳምንት በኋላ ደወለልኝና «ጋሼ፣ ፓምፑን በትልቅ ቀይሬው ጭራሽ ባሰበት» አለኝ።

መኪናው ሲመጣ ክሱ ሁለት ነበር፤ ሁለቱም ደግሞ እርስ በርሳቸው የሚቃረኑ ናቸው። ጠዋት ሞተሩ ሳይሞቅ ሲነሣ ከማርሚታው ጥቁር ጭስ ይወጣል፣ ቤንዚን ቤንዚን ይሸታል፣ ካንዴላዎቹን ሲፈታቸው ጥላሸት ለብሰዋል። ይህ የነዳጅ መብዛት ነው። ማታ ግን የፊት መብራቱና የማሞቂያው ማራገቢያ በርተው በከፍተኛ ዙር ሲነዳው፣ የድሮው ድክመት እንዳለ ይመለሳል። ይህ የነዳጅ ማነስ ነው። ቀን ላይ ትንሽ ይሻለዋል ማለቱን በማስታወሻዬ ላይ ጻፍኩት፤ መብራትና ማራገቢያ ሲበሩ የሚብስ በሽታ መድኃኒቱ ከነዳጁ ይልቅ በኤሌክትሪኩ በኩል ሊሆን ይችላልና።

ስለ አሠራሩ ጥቂት ማለት ያስፈልጋል። በዚህ መኪና ፓምፑ የተቀመጠው በነዳጅ ታንኩ ውስጥ ነው። ቤንዚኑን ወደ ፊት ገፍቶ በኮፈኑ ሥር ባለው ፊልትሮ በኩል አራቱ ኢንጀክተሮች ወደተሰኩበት ቧንቧ ያደርሰዋል። በዚያ ቧንቧ ጫፍ ላይ የግፊት መቆጣጠሪያው፣ ማለትም ሬጉሌተሩ፣ ተቀምጧል፤ ኢንጀክተሮቹ ያልተጠቀሙበትን ነዳጅ በመመለሻ መስመር ወደ ታንኩ ይሰደዋል። በሬጉሌተሩ ውስጥ አንድ ሽፋንና አንድ ስፕሪንግ አሉ፤ ከላይ ደግሞ አየሩን ለሲሊንደሮቹ ከሚያከፋፍለው ማኒፎልድ የመጣች ቀጭን የጎማ ቱቦ ተሰክታበታለች። ሥራው በነዳጁ ግፊትና በማኒፎልዱ ግፊት መካከል ያለውን ልዩነት ሁልጊዜ አንድ ዓይነት ማድረግ ነው። በእጅ ማርሽ ለሚነዳው ቱርቦ ይህ ልዩነት 37 ፒኤስአይ ገደማ ነው። ሞተሩ በሚኒሞ፣ ማለትም ነዳጅ መስጫው ሳይረገጥ፣ ሲሠራ ማኒፎልዱ ውስጥ ቫኪዩም (ከውጭው አየር ያነሰ ግፊት) ስላለ የነዳጁ ግፊት ወደ 28 ይወርዳል፤ ቱርቦው 15 ሲገፋ ደግሞ ወደ 52 መውጣት አለበት።

ኮምፒዩተሩ ይህን ግፊት አይለካውም። የሚያውቀው ኢንጀክተሩን ለስንት ጊዜ እንደከፈተው ብቻ ነው፤ ልዩነቱ 37 ነው ብሎ አምኖ ይሠራል። በአንድ ቀዳዳ የሚያልፍ ፈሳሽ መጠን ከግፊቱ ልዩነት ስኩዌር ሩት ጋር አብሮ ስለሚሄድ፣ ልዩነቱ ከ37 ወደ 51 ቢያሻቅብ ኮምፒዩተሩ ሳያውቀው 17 በመቶ ያህል ትርፍ ነዳጅ ይገባል፤ ወደ 28 ቢያሽቆለቁል 13 በመቶ ያህል ይጎድላል። ሞተሩ ሞቆ በዝግታ ሲሄድ የኦክስጅን ሴንሰሩ ስሕተቱን ያርመዋል። በብርድ መነሻና በሙሉ ግፊት ጊዜ ግን አራሚ የለም። የልጁ ሁለት ክሶች ልክ በእነዚህ በሁለቱ ጊዜያት ላይ መውደቃቸው በአጋጣሚ አልነበረም።

ፓምፑን ከመንካቴ በፊት ሌሎች ተጠርጣሪዎችን አጣራሁ። በእነዚህ መኪኖች ኮምፒዩተር ውስጥ ያሉት ዕድሜ የጠገቡ ኮንደንሰሮች ፈሳሻቸውን አንጠባጥበው ሰሌዳውን መብላታቸው የታወቀ ስለሆነ ኮምፒዩተሩን ከፈትኩት፤ ቀድሞ ተጠግኖ ነበርና ንጹሕ ሆኖ አገኘሁት። ቀጥሎ ከቱርቦው እስከ ማኒፎልዱ ያለውን የአየር መስመር በኮምፕሬሰር አየር ሞልቼ በሳሙና ውኃ ፈተሽኩ። ይህን ብዙዎች ይዘሉታል፤ ነገር ግን የዚህ መኪና የአየር መለኪያ ከቱርቦው በፊት ስለሚገኝ፣ ተለክቶ ያለፈ አየር በኋላ በቀዳዳ ሲያመልጥ ኮምፒዩተሩ ለሌለ አየር ነዳጅ ይሰጣል፣ ሞተሩም ይጨሳል። ቱርቦው የገፋውን አየር በሚያቀዘቅዘው በኢንተርኩለሩ ጎማ ላይ አንድ ትንሽ ማምለጫ አግኝቼ ፋሼታውን (የጎማውን ማሰሪያ) አጠበቅሁት። ጭሱ ግን ያው ነበር።

ከዚያ በኋላ ወደ ልኬቱ ገባሁ። በመጀመሪያ የፓምፑን ሶኬት ከኋላ ነቅዬ ሞተሩን እስኪጠፋ ድረስ በማሠራት በመስመሩ ውስጥ ያለውን ግፊት አስወጣሁ፤ ይህ ሳይደረግ የፊልትሮውን ብሎን የሚፈታ ሰው ፊቱን በቤንዚን መታጠቡ ነው። በፊልትሮው መውጫ ላይ ማገናኛ አስገብቼ የግፊት ጌጁን ከኮፈኑ ውጭ፣ ከፊት መስታወቱ ሥር አሰርኩት፤ ነዳጅ የያዘ ቱቦ ወደ መኪናው ውስጥ ማስገባት በምንም ምክንያት የማልፈቅደው ነገር ነው። ከፓምፑ ሶኬት ሁለት ረጃጅም ቀጫጭን ሽቦዎች ስቤ ከተሳፋሪው ወንበር አጠገብ ካለው ቮልት የሚለካ ቴስተር ጋር አገናኘሁ፤ በፓምፑ ሽቦ ላይም የአምፔር መቆንጠጫ አደረግሁ። የጭሱን ምጣኔ ለማንበብ ዋይድባንድ የሚባለውን የኦክስጅን መለኪያ ተጠቀምን። ልጁ ነዳ፣ እኔ ቁጥር አነበብኩ።

ሞተሩ ሞቆ በሚኒሞ ሲሠራ፣ የሬጉሌተሩ የቫኪዩም ጎማ ተነቅሎ፣ ግፊቱ 37 መሆን ሲገባው 47 ሆኖ ተገኘ። ጎማው ሲመለስ ወደ 42 ብቻ ወረደ። እዚህ ላይ ከቁጥሩ ይልቅ የሚናገረው የሁለቱ ልዩነት ነው። ጤነኛ ሬጉሌተር ጎማው ሲሰካ ወደ 9 ፒኤስአይ ያህል መውረድ ነበረበት፤ የኛው ግን የወረደው 5 ብቻ ነው። ሬጉሌተሩ በሩን እስከ መጨረሻው ከፍቶትም የሚመለሰው ነዳጅ በጠባቡ ቀዳዳና በመመለሻው ቱቦ ማለፍ አቅቶት ነበር ማለት ነው። ግፊቱን የሚወስነው ስፕሪንጉ መሆኑ ቀርቶ የመመለሻው ጥበት ሆኗል። ጥቁሩ ጭስና የቤንዚኑ ሽታ በዚህ ተገለጡ፤ ሬጉሌተሩ አልተበላሸም፣ ከአቅሙ በላይ ተጭኖበት ነው።

በመንገድ ላይ ደግሞ ሌላ መልክ ታየ። በሦስተኛ ማርሽ፣ በ15 ፒኤስአይ የቱርቦ ግፊት፣ በ4,000 ዙር የነዳጁ ግፊት 53 ነበር፤ ይህ ከሚፈለገው 52 ጋር የሚቀራረብ ነው። በ5,500 ወደ 46 ወረደ። በ6,200 ደግሞ 43 ሆነ። ከ43 ላይ የቱርቦው 15 ሲቀነስ በኢንጀክተሩ ላይ የቀረው ልዩነት 28 ብቻ ነው። በዝቅተኛው ዙር 11.4 የነበረው የአየርና የነዳጅ ምጣኔ (ቁጥሩ ከፍ ሲል ነዳጁ አንሷል ማለት ነው) እዚያ ላይ 13.0 አነበበ፤ ስሌቱ ከሚሰጠው 13.1 ጋር ጎን ለጎን ነው። ልጁን ወዲያው እግርህን አንሣ አልኩት። በዚያ ምጣኔ ላይ ቱርቦ ሞተርን ደጋግሞ መጎተት ፒስተን ማቃጠል ነው።

በሚኒሞ ሬጉሌተሩን ያጥለቀለቀው ፓምፕ በከፍተኛ ዙር ሲፈለግ ለምን ደከመ? መልሱ በቴስተሩ ላይ ነበር። በሚኒሞ ባትሪው ላይ 14.1 ቮልት ሲኖር ለፓምፑ የደረሰው 11.2 ነበር፤ ፓምፑም 6.4 አምፔር ይስብ ነበር። በሙሉ ግፊት መብራትና ማራገቢያ በርተው ባትሪው 13.6 ሲያሳይ፣ ፓምፑ 8.3 አምፔር እየሳበ 9.7 ቮልት ብቻ ይደርሰው ነበር። ወደ 3.9 ቮልት የሚጠጋው በመንገድ ቀርቷል፤ በሽቦና በሶኬት ላይ 32 ዋት ያህል ሙቀት ሆኖ ባክኗል። የኤሌክትሪክ ፓምፕ ፍጥነቱ የሚወሰነው በሚደርሰው ቮልት ነው፤ ግፊቱ ሲጨምርበት ደግሞ ብዙ አምፔር ይስባል፣ ብዙ አምፔር ሲስብ በደካማው ሽቦ ላይ ብዙ ቮልት ይጠፋል፣ ቮልቱ ሲጠፋ ይዝላል። በጣም በሚፈለግበት ሰዓት የሚዳከመው በዚህ ምክንያት ነው። ትልቅ ፓምፕ ከትንሹ የበለጠ አምፔር ስለሚስብ ይህን ሕመም ያባብሰዋል እንጂ አይፈውሰውም።

መጥፊያውን ክፍል በክፍል ለካሁት። ከታንኩ በላይ ያለው ሶኬት ብቻውን 1.6 ቮልት ይበላ ነበር፤ ስነቅለው ፕላስቲኩ ቡናማ ሆኖ አንዱ ጥርሱ ቀልጦ አገኘሁት። በማሳው፣ ማለትም ኤሌክትሪኩ በቦዲው በኩል ወደ ባትሪው በሚመለስበት መንገድ፣ 0.7 ጠፍቷል። የቀረው 1.6 የፓምፑን ኃይል ከሚያበራውና ከሚያጠፋው ከሪሌው ጀምሮ እስከ ኋላ በተዘረጋው ቀጭን የፋብሪካ ሽቦ ላይ የተበተነ ነው። ብዙ ሰው ፕላሱን ብቻ ለክቶ ማሳውን ይረሳል፤ የሄደው አምፔር ሁሉ በማሳው በኩል መመለሱን ዘንግቶ።

እዚህ ላይ ስሕተቴን መጻፍ አለብኝ። ሽቦው መጥፎ መሆኑን ስላረጋገጥኩ ሽቦውን ብቻ ቀይሬ ሥራው ያልቃል ብዬ አሰብኩ። ከባትሪው አጠገብ የ20 አምፔር ፊውዝ አስገብቼ፣ 10 ጌጅ የሚባለውንና 5 ሚሊ ሜትር ካሬ ገደማ ስፋት ያለውን ሽቦ እስከ ኋላ ዘረጋሁ፤ እዚያ አዲስ ሪሌ አደረግሁ፣ ማሳውንም ቀለሙ ተፍቆ በተጣራ የቦዲ ብረት ላይ በብሎን አሰርኩት። አምስት ሜትር የሚሆነው አዲስ ሽቦ 0.016 ኦም ያህል ብቻ ስላለው በ8 አምፔር የሚያጠፋው 0.13 ቮልት ነው። በሚኒሞ ፓምፑ ላይ 13.6 ቮልት ደረሰ። ደስ ብሎኝ ጌጁን ሳየው ግን፣ ጎማው ተነቅሎ 54፣ ተሰክቶ 50 ሆኗል። በሽቦው ድካም ታፍኖ የነበረው ፓምፕ ሙሉ ጉልበቱን ሲያገኝ ሬጉሌተሩን ከበፊቱ ይልቅ አጥለቀለቀው። በሚኒሞ በኢንጀክተሩ ላይ ያለው ልዩነት ወደ 59 ስለደረሰ ትርፉ ነዳጅ 26 በመቶ ያህል ሆነ ማለት ነው። ከላይ ያለው ድክመት ጠፍቶ ከታች ያለው ጭስ በረታ። አንዱ ሕመም ሌላውን ሸፍኖት እንደነበር ቀድሜ ማሰላት ነበረብኝ፤ ቁጥሮቹ በእጄ ነበሩ።

ስለዚህ ቁጭ ብለን ሞተሩ በእርግጥ ስንት እንደሚጠጣ ሠራን። ኢንጀክተሮቹ እያንዳንዳቸው ሙሉ በሙሉ ቢከፈቱ በደቂቃ 450 ሚሊ ሊትር ያሳልፋሉ። አራቱ 1,800 ሚሊ ሊትር፣ በሰዓት 108 ሊትር ማለት ነው። በተግባር ኢንጀክተር ከጊዜው 85 በመቶ በላይ ተከፍቶ እንዲቆይ ስለማይመከር፣ ሞተሩ በጣም ሲራብ የሚጠጣው በሰዓት 92 ሊትር ገደማ ነው። ካርቶኑ ላይ የተጻፈው 255 በዝቅተኛ ግፊትና በጥሩ ቮልት የሚገኝ ቁጥር ስለሆነ በ52 ፒኤስአይ እንደሚቀንስ አውቃለሁ፤ ቢቀንስም ከሚፈለገው በብዙ ይበልጣል። በሚኒሞ ደግሞ ሞተሩ የሚጠጣው ጥቂት ስለሆነ የተገፋው ነዳጅ ከሞላ ጎደል በሙሉ በመመለሻው ቱቦ መመለስ አለበት። የፋብሪካው መሐንዲሶች ያንን ቱቦ የለኩት ለራሳቸው ፓምፕ ነው እንጂ ለዚህ አይደለም።

ከዚህ በኋላ ሁለት መንገድ ነበር። አንደኛው 255ን እንዳለ ትቶ፣ ሰፊ ቀዳዳ ያለውና ግፊቱ በብሎን የሚስተካከል ሬጉሌተር መግጠም፣ እንዳስፈላጊነቱም የመመለሻውን ቱቦ ማስፋት ነው። ይህ መንገድ ስሕተት የለውም፤ ትላልቅ ኢንጀክተሮችና የሚስተካከል ኮምፒዩተር ለሚያስገባ ሰው ትክክለኛው እርሱ ነው። ሁለተኛው በሰዓት 190 ሊትር የተጻፈበትን ትንሹን ፓምፕ ከአዲሱ ሽቦ ጋር አድርጎ የፋብሪካውን ሬጉሌተር መተው ነው። ልጁ የመጀመሪያውን ፈለገ፤ ትልቅ ነገር አውጥቶ ትንሽ መግጠም ማን ይወዳል? «ወደፊት ለማሳደግ ይሆነኛል» አለኝ። የኔ ክርክር ግን ወደፊት ሲመጣ ወደፊት ይገጠማል፣ ዛሬ ያሉት ኢንጀክተሮች 450 ናቸው የሚል ነበር።

ሌላም ምክንያት ነበረኝ። ከ100 ዋት በላይ የሚበላ ፓምፕ በታንክ ውስጥ ሲሠራ ያ ኃይል በመጨረሻ አብዛኛው ሙቀት ሆኖ የሚቀረው በነዳጁ ውስጥ ነው፤ በየዙሩ በሞተሩ አጠገብ አልፎ ሞቆ የሚመለሰው ቤንዚንም ይጨመርበታል። ታንኩ ከግማሽ በታች በሆነበት የበጋ ቀን የሞቀ ቤንዚን በፓምፑ መምጠጫ ላይ በቀላሉ ይተናል፤ ፓምፑም ፈሳሽ በመግፋት ፈንታ እንፋሎት ይፈጫል። ይህን እንደ አዲስ አበባ ባለ ከፍታው ከ2,300 ሜትር በላይ በሆነ ከተማ የሚነዳ ሰው የበለጠ ሊያስብበት ይገባል፤ የአየሩ ግፊት ዝቅ ባለበት ቦታ ቤንዚን ቶሎ ይፈላልና። ለሜሪላንዱ መኪና ግን ዋናው ነጥብ ይህ አልነበረም፤ ዋናው ነጥብ በሚኒሞ ላይ የታየው 54 ነው። ልጁ ቁጥሩን ደግሞ ካየ በኋላ በሁለተኛው መንገድ ተስማማ።

አገጣጠሙ ላይ መቆየት የምፈልገው በሁለት ነገር ነው። አንደኛው ታንኩ ውስጥ ያለው አጭር የጎማ ቱቦ ነው። ልጁ 255ን ሲገጥም ከፓምፑ እስከ ክዳኑ ያለችውን አንድ ስንዝር የማትሞላ ቱቦ በተራ የነዳጅ ጎማ ተክቷት ነበር። ተራ የነዳጅ ጎማ ቤንዚን በውስጡ እንዲያልፍ የተሠራ ነው፤ ውጭውም ቤንዚን ውስጥ ተነክሮ እንዲኖር አልተሠራም። ስናወጣት ከሁለት ሳምንት በላይ ሳትቆይ አብጣ ለስልሳ ነበር። ጥቂት ወራት ብትቆይ ኖሮ ተሰንጥቃ ከፓምፑ የወጣውን ግፊት እዚያው ታንኩ ውስጥ ታፈስሰው ነበር፤ ያን ጊዜ ከላይ የሚታየው ምልክት ከደከመ ፓምፕ ምልክት አይለይም። በምትኳ ጄ30 አር10 የተባለው የኤስኤኢ ደረጃ የታተመበትን፣ ተነክሮ ለመኖር የተሠራ ጎማ አስገባን፤ ፋሼታውንም ጎማውን በማይቆርጥ ዓይነት ቀየርነው። ሥራው የተሠራው ከቤት ውጭ፣ በታንኩ ውስጥ ከሩብ በታች ነዳጅ ብቻ ቀርቶ፣ የባትሪው ማሳ ተፈትቶ፣ የእሳት ማጥፊያው በእጃችን አጠገብ ሆኖ ነው።

ሁለተኛው የሪሌው ትእዛዝ ነው። አዲሱ ወፍራም ሽቦ ኃይሉን ይሸከማል፤ ሪሌውን የሚቀሰቅሰው ግን ቀድሞ ወደ ፓምፑ ይሄድ የነበረው የፋብሪካው ሽቦ ነው፤ የሚስበው አምፔር ኢምንት ስለሆነ ድካሙ አይታወቅበትም። አንዳንዶች ለማቃለል ብለው ሪሌውን ከቁልፉ ጋር በቀጥታ ያገናኙታል። ይህን አደገኛ አድርጌ እቆጥረዋለሁ። በፋብሪካው አሠራር ሞተሩ መዞሩን ካቆመ ኮምፒዩተሩ ፓምፑን ያጠፋዋል። መኪናው ተጋጭቶ የነዳጅ ቱቦ ቢበጠስና ፓምፑ ከቁልፉ ጋር የታሰረ ቢሆን፣ ሹፌሩ ቁልፉን እስኪያጠፋ ድረስ ቤንዚን በጋለ ሞተር ላይ ይረጫል። የፋብሪካውን ሽቦ ለትእዛዝ ማስቀረት አምስት ሳንቲም አያስወጣም።

የቀለጠውን ሶኬት ቆርጬ በአዲስ ለወጥኩት፤ በክዳኑ ላይ ያለውን የድሮ ጓርኒሲዮንም (ማሸጊያ) አላስተረፍኩትም። ፊልትሮውም በአዲስ ተተካ። 190ው ከመግባቱ በፊት ግን ለራሴ ማወቅ የምፈልገው አንድ ነገር ስለነበረ፣ ልጁ ያልጣለውን የፋብሪካ ፓምፕ ለግማሽ ቀን መልሼ በአዲሱ ሽቦ ላይ ሞከርኩት። ሠላሳ ዓመት ያለፈው ያ ፓምፕ በ15 ፒኤስአይ እስከ 5,800 ዙር ድረስ 52ን ይዞ ሄደ፤ በ6,500 ግን ወደ 48 ወረደ። የቱርቦው ግፊት በ12 ቢቆይ ኖሮ ምናልባት ማንም አይነካውም ነበር። ልጁ መጀመሪያ ቅሬታ ያሰማበት ድክመት የሚበልጠው ክፍል የሽቦው ነበር፤ የፓምፑ እርጅና ትንሹን ድርሻ ነው የያዘው። ይህን ስነግረው ለጥቂት ጊዜ ዝም ካለ በኋላ «ያን ሁሉ ብር ለሶኬት ነው ያወጣሁት በለኛ» አለ።

በ190ው የተገኘው ውጤት ይህ ነው። ሞተሩ ሞቆ በሚኒሞ፣ ጎማው ተነቅሎ 38፣ ተሰክቶ 29። ልዩነቱ ወደ 9 ስለተመለሰ ሬጉሌተሩ እንደገና የራሱን ሥራ እየሠራ ነው። አንድ ፒኤስአይ ትርፍ አለ፤ እርሱን የጌጁ ስሕተት ይሁን የፓምፑ ብርታት መለየት ለዚህ ሥራ ጥቅም ስለሌለው ተውኩት። በሦስተኛ ማርሽ፣ በማታ፣ መብራትና ማራገቢያ በርተው፣ ከ4,000 እስከ 6,500 ዙር የነዳጁ ግፊት በ52ና በ53 መካከል ቆመ። ለፓምፑ የደረሰው ቮልት 13.2፣ የሳበው 5.8 አምፔር። የአየርና የነዳጅ ምጣኔው ከ11.3 እስከ 11.5 ሳይዋዥቅ ሄደ። የመንኳኳቱ ድምፅ አልተሰማም፤ ካንዴላዎቹን አውጥተን ስናያቸው ቀለማቸው ወደ ቡናማ ተመልሷል።

የቱርቦውን ግፊት ከ15 በላይ እንዳያሳድግ ነግሬዋለሁ። ምክንያቱ ፓምፑ አይደለም፤ 190ው ገና ትርፍ አለው። ከዚያ በላይ የሚያንሱት ኢንጀክተሮቹ ናቸው፤ በዚያ ላይ የፋብሪካው ኮምፒዩተር የአየሩ መጠን ከወሰነው ሲያልፍ ነዳጁን በድንገት ይቆርጠዋል፤ የሚነዳው ሰው ከኋላ የተገጨ ይመስለዋል። አንድ ቀን 550 ሚሊ ሊትር የሚያሳልፉ ኢንጀክተሮች ቢያስገባ ሞተሩ ሊጠጣ የሚችለው ከፍተኛ መጠን በሰዓት 132 ሊትር ስለሚሆን፣ ስለ ትልቁ ፓምፕና ስለ ሰፊው ሬጉሌተር ያን ጊዜ እንደገና እንነጋገራለን። 255ው ታጥቦ፣ ደርቆ፣ በካርቶኑ ውስጥ በመደርደሪያው ላይ ተቀምጧል።

ለመጨረሻ ጊዜ መኪናውን ያየሁት በክረምት ጠዋት፣ መስታወቱ በረዶ ይዞ ሳለ ነው። ልጁ ከቤቱ ሞተሩ ሳይሞቅ ሊያመጣው ስለማይችል፣ ማታውን እኔ ዘንድ አሳድሮት ነበር። በአንድ ቁልፍ ተነሣ፤ ከማርሚታው የወጣው የጠዋት ነጭ እንፋሎት ብቻ ነው። የግፊት ጌጁን ፈትቼ የፊልትሮውን ብሎን ወደ ቦታው መለስኩ። ከፓምፑ የሳብኳቸውን ሁለቱን የቴስተር ሽቦዎች ለማንሣት ወደ ተሳፋሪው ወንበር ሳጎነብስ ግን ልጁ ከለከለኝ። ጫፎቻቸውን አሸጋቸውና ከምንጣፉ ሥር መልሶ ከተታቸው፤ በየወሩ ቮልቱን ራሱ ሊያነብ።